ፍሰት ብረትን ሲያንቀጠቅጥ፦ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ እስከ ኑክሌር ጣቢያ የዘለቀው የፕሮፌሰር ፓይዱሲስ ምርምር

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ዲዬጎ በኢንተርስቴት 5 አውራ ጎዳና የተጓዙ አንባቢዎቻችን፣ በስተቀኝ በኩል ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ጎን ለጎን ቆመው ለአሥርተ ዓመታት የታዩትን ሁለት ግዙፍ የኮንክሪት ጉልላቶች ያስታውሷቸው ይሆናል። የሳን ኦኖፍሬ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሪአክተሮች መኖሪያ ነበሩ። ሁለቱ ሪአክተሮች በአንድነት ወደ 2,200 ሜጋዋት የሚጠጋ ኃይል ያመነጩ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 የሦስተኛው ክፍል ተቆጣጣሪዎች ከአንድ የእንፋሎት ማመንጫ ውስጥ ሬዲዮአክቲቭ ውኃ እያፈተለከ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ተመለከቱ፤ ሪአክተሩንም በፍጥነት አጠፉት። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም፤ ወደ ውጭ የወጣው የጨረራ መጠንም እጅግ አነስተኛ ነበር። ይሁንና ያ ሪአክተር ከዚያች ቀን በኋላ ዳግመኛ አልተነሣም። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ለነዳጅ ቅየራ ቆሞ ስለነበር እንደቆመ ቀረ። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2013 የጣቢያው ዋና ባለቤት ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን ጣቢያውን ለዘለቄታው መዝጋቱን አስታወቀ። ወደ 1,500 የሚጠጋው የሠራተኛ ቁጥርም ወደ 400 ገደማ እንደሚወርድ በዚያው ዕለት ተነገረ።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ዝገትም አልነበረም። በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የተፈጸመ የሰው ስሕተትም አልተገኘም። የተበላሹት የእንፋሎት ማመንጫዎች በጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ተሠርተው የተተከሉ አዳዲስ ነበሩ፤ የሦስተኛው ክፍል ማመንጫዎች ሥራ ከጀመሩ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ቱቦዎቹን የበሳቸው በመካከላቸው ሽቅብ የሚያልፈው የእንፋሎትና የውኃ ቅልቅል ነው። ፍሰቱ ቱቦዎቹን አንቀጠቀጣቸው፤ የተንቀጠቀጡት ቱቦዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ግድግዳቸውን በሉት።

በምህንድስና ቋንቋ ይህ ክስተት ፍሰት-ወለድ ንዝረት ይባላል። በዘርፉ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራው ሊቃውንት አንዱ በካናዳ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ማይክል ፓይዱሲስ ናቸው። በቆጵሮስ የተወለዱት ፓይዱሲስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከማክጊል፣ ዶክትሬታቸውን ከእንግሊዙ ኬምብሪጅ አግኝተው፣ በካናዳ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት የቾክ ሪቨር ቤተ ሙከራ ከሠሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 ማክጊልን በመምህርነት ተቀላቀሉ። የዘርፉን ዋና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1987 መሥርተው በአዘጋጅነት መርተዋል፤ ዛሬም ተመራማሪዎች ከጠረጴዛቸው የማያነሡትን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍም ጽፈዋል። ስለ ምርምራቸው ለመናገር ግን ከማዕረጋቸው ይልቅ ከአንድ ተራ ነገር፣ ከነፋስ ጩኸት መጀመር ይሻላል።

ነፋስ በቀጭን ሽቦ ላይ ሲያልፍ ሽቦው ያፏጫል። ምክንያቱም አየሩ ከሽቦው ጀርባ ሲደርስ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች እየተፈራረቀ ትናንሽ አዙሪቶችን ይለቃል፤ እያንዳንዱ አዙሪት ሲላቀቅ ሽቦውን በጥቂቱ ይገፋዋል። የግፊቱ ድግግሞሽ ከሽቦው የተፈጥሮ ንዝረት ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ሽቦው እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ይህ ንዝረት ለዓመታት ሲደጋገም ሽቦውን ከማቀፊያው አጠገብ ያደክመውና ይበጥሰዋል። መድኃኒቱም ከምሰሶዎቹ አጠገብ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ በሁለት ጫፉ ክብደት የተገጠመለት አጭር የብረት ገመድ ነው። ፈልሳፊው ጆርጅ ስቶክብሪጅ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ይሠራ የነበረው ደግሞ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን ነበር፤ ያው ሳን ኦኖፍሬን የዘጋው ኩባንያ መሆኑ ነው።

ዱባይ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የዚሁ አዙሪት ጉዳይ በሌላ መልኩ በዓይናቸው ፊት ቆሟል። 828 ሜትር ከፍታ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየጠበበና ቅርጹን እየለወጠ የሚሄደው ለውበት ብቻ አይደለም። በየከፍታው የሕንፃው ስፋት ስለሚለያይ አዙሪቶቹ በተለያየ ድግግሞሽ ይለቀቃሉ፤ ተባብረውም ሕንፃውን በአንድነት ሊወዘውዙት አይችሉም።

እዚህ ላይ ሳልናገረው ማለፍ የማልፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። ምህንድስና የተማረ ሁሉ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1940 በዋሽንግተን ግዛት የፈረሰውን የታኮማ ናሮውስ ድልድይ ፊልም አይቷል፤ ብዙዎቻችንም ምክንያቱ ሬዞናንስ ነው፣ የነፋሱ ምት ከድልድዩ ምት ጋር ስለ ገጠመ ነው ተብለን ተምረናል። ይህ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ቢላህና ስካንላን የተባሉ ተመራማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍቱን ጠቅሰው እንዳስረዱት፣ ድልድዩን ያፈረሰው ከውጭ በልኩ የመጣ ምት ሳይሆን የድልድዩ የራሱ እንቅስቃሴ ነው። ድልድዩ ሲጠመዘዝ በዙሪያው ያለውን የነፋስ ፍሰት ይለውጣል፤ የተለወጠው ፍሰት ደግሞ ጥምዘዛውን ያብሰዋል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስለን። ሬዞናንስ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት መጥቶ ፍጥነቱ ሲያልፍ ያልፋል። መዋቅሩ በራሱ እንቅስቃሴ ከፍሰቱ ጉልበት መምጠጥ ሲጀምር ግን ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ነገሩ ይከፋል። የፓይዱሲስ ዕድሜ ልክ ጥናት ያተኮረው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም መረጋጋትን በማጣት ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በባሕር ላይ በሚጎተት ከረጢት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1956ቱ የስዊዝ ቀውስ ዘመን የኬምብሪጁ ዊልያም ሆቶርን ነዳጅ ሞልቶ በመርከብ የሚጎተት፣ ከናይሎንና ከጎማ የተሠራ ረጅም ቋሊማ መሰል ከረጢት ፈለሰፉ፤ ድራኮን አሉት። ከረጢቱ በዝግታ ሲጎተት ቀጥ ብሎ ይከተላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን እንደ እባብ መጥመልመል ያመጣል። ፓይዱሲስ በኬምብሪጅ ተማሪ ሳሉ የተዋወቁትን ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ይዘው፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ፍሰት የሚያልፍበት ቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለት ጽሑፎች አንዱን በቀመር፣ ሌላውን በሙከራ አሳተሙ። ከውጤታቸው አንዱ ከተለመደው ግምት ጋር የሚጋጭ ነው። ውኃን በቀላሉ ይሰነጥቅ ዘንድ ጅራቱ ሾጥጦ የተሠራ ዘንግ ቶሎ ይጥመለመላል፤ ጅራቱ ድፍን ሆኖ እንደ ተቆረጠ ግንድ የቀረው ግን ይረጋጋል። ለፍጥነት የሚበጀው ቅርጽ ለመረጋጋት አይበጅም ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በቾክ ሪቨር ሳሉ ከዚህ ጋር የሚዛመድ የሥራ ጥያቄ ነበረባቸው። የኑክሌር ነዳጅ ዘንጎችም በርዝመታቸው አቅጣጫ ውኃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው፤ ንዝረታቸው በዓይን የማይታይ ያህል ቢያንስም ለዓመታት ስለሚቀጥል ያፋትጋቸዋል። ፓይዱሲስ የዚህን ንዝረት ስፋት ለመገመት የሚያስችል ቀመር ያወጡት በዚያ ነው።

ይሁን እንጂ ስማቸው ከሁሉ በላይ የተያያዘው ቱቦን አጥብቀን ይዘን ውኃ በውስጡ ስንለቅበት ምን ይሆናል ከሚለው ጥያቄ ጋር ነው። መኪና ሲያጥብ ወይም አትክልት ሲያጠጣ ጎማው ከእጁ አምልጦ እንደ ጅራፍ ሲገረፍ ያየ ሰው መልሱን በከፊል ያውቀዋል። አንድ ጫፉ ታስሮ ሌላው ነፃ የሆነ ጎማ እናስብ። በውስጡ ውኃ በዝግታ ሲፈስስ ጎማው ከባዶው ይልቅ የተረጋጋ ይሆናል፤ ገፍተን ብንለቀው ቶሎ ይቆማል። የሚፈስሰው ውኃ ከሚወዛወዝ ጎማ ጋር ሲጓዝ የሚፈጥረው፣ ኮሪዮሊስ የሚባለው ኃይል ንዝረቱን ያበርደዋልና። ነገር ግን ውኃው በታጠፈው የጎማ ክፍል ሲያልፍ እጥፋቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከአንድ ወሳኝ ፍጥነት በኋላ ሚዛኑ ይገለበጣል። ነፃው ጫፍ ወደ ግራ ሲሄድ አፉ ወደ ቀኝ እየተመለከተ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ እየተመለከተ፣ እየተጎተተ የሚከተል ይመስላል። በዚህ ቅርጽ በእያንዳንዱ ዙር ከውኃው ጥቂት ጉልበት ይወስዳል፤ መገረፉም አይቆምም። ሁለቱም ጫፎች ቢታሰሩ ግን ጎማው በዙር የሚወስደው ጉልበት ስለማይኖር አይገረፍም፤ ከልክ በላይ እንደ ተጫነ ምሰሶ ወደ ጎን ይጎብጣል እንጂ።

ጥያቄውን ያነሡት ፓይዱሲስ የመጀመሪያው አይደሉም። ቡሪዬር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1939 ቀመሩን በትክክል አውጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ መጣና ሥራው ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1950 አሽሊና ሃቪላንድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ነገሩን እንደ አዲስ ሲያነሡት በአእምሯቸው የነበረው ከሳዑዲ ዓረቢያ ተነሥቶ በሊባኖስ ሲዶን ሜዲትራኒያንን የሚገናኘው የነዳጅ ማስተላለፊያ፣ ታፕላይን ነበር። ፓይዱሲስና ተማሪዎቻቸው ይህን ቀላል የሚመስል ቱቦ ይዘው ለአሥርተ ዓመታት ሲመረምሩት የማይጠበቅ ባሕርይ አወጡበት። እ.ኤ.አ. በ1988 ከፍራንሲስ ሙን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቱቦው መወዛወዙን የሚገድቡ መያዣዎች ሲደረጉለት እንቅስቃሴው በሥርዓት ከሚደጋገም ንዝረት ተነሥቶ ሊተነበይ ወደማይችል ሥርዓት አልባነት እንደሚሸጋገር አሳዩ። አንድ የላስቲክ ቱቦና ጥቂት ውኃ ብቻ ስለሚበቃው ይህ ሙከራ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ተመራጭ ምሳሌ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎችማ በየዓመቱ ይጠይቃሉ። ፓይዱሲስ ጥያቄውን አልሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት አንድ ንግግር ርእሱ እንኳ በጉጉት ብቻ ስለ ተጀመሩ ምርምሮችና ስለ ዛሬ ጥቅማቸው የሚል ይዘት ነበረው። ምርምሩ ሲጀመር ማንም ያልጠበቀው ጥቅም ከዓመታት በኋላ እንደሚመጣ በምሳሌ አስረድተዋል። ዛሬ በነዳጅና በኬሚካል ኢንዱስትሪ በቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን መጠን በክብደት የሚለኩ መሣሪያዎች የሚሠሩት፣ ያ ጎማውን የሚያበርደው የኮሪዮሊስ ኃይል በሚንቀጠቀጥ ቱቦ ላይ የሚያሳድረውን ጥቂት መጣመም በመለካት ነው።

አሁን ወደ ሳን ኦኖፍሬ ቱቦዎች ልንመለስ እንችላለን። በእያንዳንዱ የእንፋሎት ማመንጫ ውስጥ 9,727 ቱቦዎች ነበሩ፤ ስፋታቸው 19 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳቸው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ በላይኛው ጫፍ እንደ ተገለበጠ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ። በውስጣቸው ከሪአክተሩ የመጣው ጋለ ውኃ ያልፋል፤ ከውጭ ያለው ንጹሕ ውኃ ደግሞ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ባለ የቱቦ ደን ውስጥ አንዱ ቱቦ ጥቂት ሲንቀሳቀስ በጎረቤቶቹ መካከል የሚያልፈውን ፍሰት ያጠብባል ወይም ያሰፋል፤ ጎረቤቶቹ ይገፋሉ፤ የእነርሱ እንቅስቃሴ ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይገፋል። የፍሰቱ ፍጥነት ከወሳኙ ልክ ሲያልፍ ንዝረቱ በድንገት ይተኮሳል። የዌስቲንግሃውሱ ሂዩ ኮኖርስ ይህን ወሳኝ ፍጥነት ከቱቦው ክብደት፣ ከተፈጥሮ ድግግሞሹና ንዝረትን ከማብረድ ችሎታው ጋር የሚያያይዝ ቀላል ቀመር እ.ኤ.አ. በ1970 አቀረበ፤ ኢንዱስትሪውም እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። ፓይዱሲስና የማክጊል ባልደረባቸው ስቱዋርት ፕራይስ በ1980ዎቹ ከዚያ አልፈው የክስተቱን መንሥኤ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ገነቡ። ቱቦው ሲንቀሳቀስ ፍሰቱ ለውጡን የሚከተለው ወዲያውኑ ሳይሆን ጥቂት ዘግይቶ ነው፤ ያች መዘግየት ናት በእያንዳንዱ ዙር ጉልበት የምታስገባው።

የሳን ኦኖፍሬ ንድፍ አውጪዎች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የታጠፈው የቱቦ ክፍል ወደ ጎን እንዳይንቀጠቀጥ በቱቦዎቹ መካከል ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳዎችን በብዛት አስገብተው ነበር። እነዚህ ሰሌዳዎች ግን የሚከለክሉት ከእጥፋቱ ገጽ ወደ ውጭ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ነው። ቱቦው በራሱ እጥፋት ገጽ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ቢንሸራተት የሚይዘው የሰሌዳው ሰበቃ ብቻ ነው። በዚያ አቅጣጫ ንዝረት ሊነሣ እንደሚችል ያን ጊዜ በአሠራር ደረጃ ማንም አይፈራም ነበር። ጉዳዩ ጨርሶ ያልታወቀ አልነበረም። እዚያው ሞንትሪያል፣ ከማክጊል ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ቪዮሌት፣ ሚሼል ፔቲግሩ እና ከፓይዱሲስና ከፕራይስ ጋር በዘርፉ ጽሑፍ ያሳተመው ንጁኪ ሙሬይቲ በፍሰቱ አቅጣጫ ብቻ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ ቱቦዎችን በአየርና በውኃ ቅልቅል ፈትነው መረጋጋት ሊያጡ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመው ነበር። የምርምር ወረቀት ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ሥዕል የሚደርስበት መንገድ ረጅም ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም ተደራርበዋል። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን መርማሪዎች እንዳገኙት፣ ለንድፉ የዋለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የፍሰቱን ፍጥነት ከእውነተኛው በሦስትና በአራት እጥፍ አሳንሶ ገምቶት ነበር። በላይኛው ክፍል ያለው እንፋሎትም ከሚጠበቀው በላይ ደረቅ ስለነበር፣ ንዝረትን ሊያበርድ የሚችለው ስስ የውኃ ሽፋን በቱቦዎቹና በሰሌዳዎቹ መካከል አልቀረም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል ማመንጫዎች ንድፋቸው አንድ ነው። በሦስተኛው ከ300 በላይ ቱቦዎች እርስ በርስ ተፋትገው ሲገኙ፣ ረዘም ላለ ጊዜ በሠራው በሁለተኛው ግን የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። አምራቹ ባካሄደው ምርመራ የሦስተኛው ክፍል ሰሌዳዎች ይበልጥ ተስተካክለውና ተመሳስለው የተሠሩ ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ክፍል የነበረው ጥቂት መዛነፍ ሰሌዳዎቹን ቱቦዎቹ ላይ አጥብቆ ይይዛቸው ነበር፤ ጥራቱ ሲሻሻል መያዣው ላላ። በጥሩ እጅ የተሠራው ነው የተበሳው።

በግፊት ሲፈተኑ በሦስተኛው ክፍል ስምንት ቱቦዎች አልቻሉም። ከጠቅላላው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቁጥር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቱቦ በሬዲዮአክቲቩ ውኃና በውጭው ዓለም መካከል የቆመ ድንበር ስለሆነ፣ መፈንዳት የቻለ አንድ ቱቦም ይበዛል።

እንዲህ ባለ ዘርፍ ውስጥ የአንድን ተመራማሪ ሚዛን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ከላይ እንዳየነው በዝግታ የሚወጣ ውኃ የጎማውን ንዝረት ያበርዳል። እንግዲያውስ ውኃው በነፃው ጫፍ ገብቶ ወደ ላይ ቢሳብስ? ከባሕር ወለል ማዕድን በረጅም ቱቦ ለመምጠጥ በታሰበበት ዘመን ፓይዱሲስ ከሉ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንን አሰሉ። የፍሰቱ አቅጣጫ ሲገለበጥ ማብረጃው ኃይል ምልክቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ የሚመጥጥ ቱቦ ፍጥነቱ የቱንም ያህል አነስተኛ ቢሆን መገረፉ አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ሒሳቡ የተቃና ነበር፤ ነገሩም ለባሕር ማዕድን ሰዎች አሳሳቢ ነበር። በሙከራ ግን ቱቦው አልተገረፈም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፓይዱሲስ በራሳቸው መጽሔት አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ርእሱ የሚመጥጡ ቱቦዎች እጅግ አነስተኛ በሆነ ፍሰት አይገረፉም የሚል ነበር፤ የራሳቸውን ድምዳሜ በርእስ ደረጃ የሚሽር። ስሕተቱ የነበረው በቱቦው አፍ ላይ ነው። ሻማን እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ማጥፋት አይቻልም። የሚወጣ ፍሰት በአንድ አቅጣጫ ተወርውሮ ይወጣል፤ የሚገባው ግን ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ነው የሚገባው፤ በአፉ ላይ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስም በቀድሞው ስሌት አልተካተተም ነበር። በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ ውኃ የሚመጥጥ ማጠጫ በየት አቅጣጫ ይዞራል ተብሎ ሪቻርድ ፋይንማንን ጨምሮ ብዙዎችን ያከራከረው እንቆቅልሽ ዘመዱ ነው።

ክርክሩ በዚያ አልተዘጋም። የተፈጥሮ ጋዝን በባሕር ላይ የሚያቀዘቅዙ ተንሳፋፊ ፋብሪካዎች ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ የሚስብ ረጅም ቱቦ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በኔዘርላንድስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ኩይፐርና ሜትሪኪን የተባሉ ተመራማሪዎች የሚመጥጥ ቱቦ በውኃ ውስጥ አንጠልጥለው ፈተኑ። ውጤታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ፓይዱሲስ በመሠረቱት በዚያው መጽሔት ነው። ቱቦው በዝግተኛ ፍሰት ጸጥ ብሎ ቆየ፤ ከአንድ ፍጥነት በኋላ ግን መንቀሳቀስ ጀመረ።